«ቅንጡ» ስድብ ነው ሙገሳ? እባካችሁ አስታርቁን

ጣና ዳሯ፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጥያቄዬ የአንድ ቃል ጥያቄ ነው ግን ታሪኩን ካልነገርኳችሁ አይገባችሁም ትንሽ ታገሱኝ። ተወልጄ ያደኩት ደብረታቦር ነው፣ ባህርዳር የመጣሁት ለትምህርት፣ ፔዳ ግቢ ጨርሼ ስራም እዚሁ አገኘሁና አክስቴ ቤት ገባሁ። ሁለት አመት ከምናምን ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር ምንም አላጎደለችብኝም፣ ግን የምተኛው ሳሎን ፍራሽ አንጥፌ ነው፣ እንግዳ ሲመጣ ፍራሼን ጠቅልዬ ወደ ጓዳ፣ እንግዳ ደግሞ መቼ ጠፍቶ ያውቃል፣ ባህርዳር ዘመድ ያለው ሰው የሀኪም ቀጠሮ ሲኖረው ሌላ የት ይረፍ። ጠዋት ስራ ልሄድ ስል ልብሴ ያለበት ክፍል ሰው ተኝቶበት በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። ባለፈው ወር በቃኝ ብዬ ድባንቄ አካባቢ ሰርቪስ ተከራየሁ። አንድ ክፍል ናት፣ አልጋና ጠረጴዛ ከገባ በኋላ መዞሪያ የላትም፣ ግን የራሷ ሻወር አላት፣ ሙቅ ውሃ ያለው፣ ቁልፏም እኔ ጋ ነው።

ለአክስቴ ስነግራት ምንም አላለችም። ዝም። ማታ እናቴ ጋ ደውላ ምን ብትል ጥሩ ነው፣ "ልጅሽ ተቀናጥታለች"። እናቴ ደግሞ ወዲያው እኔ ጋ፣ "ምን ጎደለሽና ነው የምትቀናጪው? ሰው ዘመድ እያለው ቤት ይከራያል? ወይስ..." ብላ አቆመች። ያቺ "ወይስ" እስካሁን ትቆረቁረኛለች።

እሺ ይሁን። ሳምንት ሳይሞላ በአዲሱ የአባይ ድልድይ በኩል ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሳልፍ ትልቅ ቢልቦርድ አየሁ፣ "ቅንጡ መኖሪያ ቤቶች" ይላል፣ አንዲት ልጅ ፀጉሯን ለቃ በረንዳ ላይ ስኒ ይዛ ሀይቁን እያየች ትስቃለች። ልጅቷ ብቻዋን ናት! እናት የለ አክስት የለ። እሷ ቅንጡ ስትባል ሰው ሚሊዮን ይዞ ይሰለፋል፣ እኔ ቅንጡ ስባል እናቴ ታለቅሳለች።

እና ይሄ ቃል ምን ማለት ነው? ስድብ ነው ሙገሳ? ሁለቱም ከሆነ መቼ ነው የተቀየረው? ደግሞ ብቻዋን ቤት ይዛ ለምትኖር ሴት ስድብ ያልሆነ ቃል አማርኛ ውስጥ ካለ ንገሩኝ፣ ለእናቴ የምመልስላት ነገር እፈልጋለሁ። ለአክስቴም።


ባጃጅ 07፦

ሙቅ ውሃ ያለው ሰርቪስ ድባንቄ?? ደላላውን በውስጥ መስመር ላኪልኝ እኔም ልቀናጣ


የሺምብጥ ልጅ፦

እህቴ ነገሩ ቀላል ነው፣ ለዕቃ ከሆነ ሙገሳ ለሰው ከሆነ ስድብ። ቅንጡ ሆቴል ቅንጡ መኪና ቅንጡ ሎጅ ሙገሳ ነው። ቅንጡ ልጅ ቅንጡ ምራት ቅንጡ በሬ ስድብ ነው (አያቴ ጭድ አልበላም የሚል በሬ ነበራቸው፣ "ይሄ ቅንጡ" እያሉ ነበር የሚጠሩት፣ መጨረሻ ላይ ለፋሲካ ሄደ)።

ግን እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ሌላ ነው። እኛ ቤት አባቴ አሳ ያመጣ ስለነበር ሳምንቱን ሙሉ አሳ ነው፣ ቀረሶ ጥብስ፣ አምባዛ ወጥ፣ ደግሞ ቀረሶ። አንድ ቀን ሰልችቶኝ ሽሮ ስሩልኝ ብዬ ሳስቸግር እናቴ "አትቀናጣ!" አለችኝ። ክረምት ላይ አዲስ አበባ አጎቴ ጋ ስሄድ ደግሞ በየቀኑ ሽሮ፣ አሳ አምሮኝ አሳ የለም ወይ ብዬ ብጠይቅ የአጎቴ ሚስት "ኧረ ይሄ ልጅ ቅንጡ ነው" አለች። አያችሁ? ሽሮ ለምኜ ቅንጡ፣ አሳ ለምኜ ቅንጡ። የቀረበልህን ትተህ ያልቀረበልህን ስትጠይቅ ነው ቃሉ የሚመጣብህ፣ የምትጠይቀው ነገር ውድ ይሁን ርካሽ ጉዳያቸው አይደለም። አንቺም አክስትሽ ሳሎኗን ሰጥታሻለች፣ አንቺ ደግሞ በር ያለው ክፍል ጠየቅሽ፣ በቃ ያው ነው።

መንግስትም ቢሆን ቃሉ አልጨበጥ ብሎታል። ጥቅምት 2015 ላይ 38 አይነት ዕቃ የውጭ ምንዛሪ አይፈቀድለትም ሲባል ቸኮሌትና ሽቶ ከቤት አውቶሞቢል ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ ገቡ፣ ሰዉም ሚዲያውም የቅንጦት ዕቃ እያለ ጠራቸው፣ ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ክልከላው ተነሳ። ቸኮሌት በሁለት አመት ውስጥ ቅንጦት ሆኖ ቅንጦትነቱን ጨርሶ ተመለሰ ማለት ነው። ያኔ ሱቅ ነበረኝ፣ ደንበኛ እየመጣ "ያቺ የቅንጦቷ አለች?" እያለ ነበር ቸኮሌት የሚጠይቀኝ።


ፊደል ለቃሚ፦

@የሺምብጥ ልጅ የበሬው ታሪክ ገደለኝ 😂

የቢልቦርዱ ጥፋት ግን የኔ ነው፣ ማለቴ የኛ ሰፈር ሰዎች ነው። ማስታወቂያ ነው የምፅፈው፣ ዘጠኝ አመት ሆኖኛል፣ ያቺን ልጅ በረንዳ ላይ ያቆምኳት እኔ ባልሆንም ብዙ እህቶቿን አቁሜያለሁ። እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ። ባለቤቱ ይመጣል፣ በእጁ የያዘው ነገር ሁሉ ላግዠሪ ነው፣ ላግዠሪ ሆም ላግዠሪ ሊቪንግ፣ ይሄን በአማርኛ አምጣ ይልሃል። ምን ትላለህ? "ምቹ" ብትል ረከሰብኝ ይላል፣ ምቹማ ወንበርም ምቹ ነው። "የድሎት ቤት" ብትል የስብከት ይመስላል፣ ሰውየው ቀጥሎ ስለ ሀብታሙና ስለ አልዓዛር የሚነግሩት ነው የሚመስለው። "የቅንጦት" ብትል ቀረጥ ቀረጥ ይሸታል፣ ጉምሩክ ያስታውሳል። "ዘመናዊ" ደግሞ ቆርቆሮ ቤት ሁሉ ዘመናዊ ስለተባለ አለቀ። ቅንጡ ቀረች። አጭር ናት፣ ቢልቦርድ ላይ በትልቁ ትፃፋለች፣ ደግሞ ትንሽ ባለጌ ባለጌ ትላለች፣ ያ ትንሽ ብልግናዋ ነው የሚሸጠው። ሰው ልጅ ሆኖ የተከለከለውን ነው አድጎ የሚገዛው። እናቱ አትቀናጣ ስትለው ያደገ ሰው ሚሊዮን ሲይዝ ምን የሚል ቤት ይገዛል?

መቼ ተቀየረ ላልሽው ቀን መቁረጥ አልችልም፣ እኔ ስራ ስጀምር ቅንጡ የሚለውን ደንበኞች ይፈሩት ነበር፣ አሁን እኔ ነኝ የሰለቸሁት። ጎርጎራ ላይ በገበታ ለሀገር የተሰራው ሪዞርት ሲወራማ ቅንጡ ያላለ አልነበረም።


እውነት ተናጋሪ፦

ሁላችሁም ልጅቷን አትሸንግሏት። አክስቷ ልክ ናት። ሁለት አመት በነፃ አብልታ አስተኝታ፣ ደመወዝ ስትይዝ ቻው። ቅንጡ ባይባል ምን ይባል ታዲያ? እኛ ስድስት ሆነን አንድ ክፍል አድገን ማንም ሻወር ብሎ አልሞተም። ሀይቁ እያለላችሁ


ጣና ዳሯ፦

@እውነት ተናጋሪ በነፃ አልኖርኩም ወንድሜ፣ ከመጀመሪያው ደመወዜ ጀምሮ ዘይትና መብራት የኔ ነበር፣ የልጆቿንም የቤት ስራ እኔ ነኝ የማሰራው አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ አሰራለሁ። ደግሞ ሀይቁ ውስጥ ታጠቢ ነው የምትለኝ? ከጉማሬው ጋር?


ባጃጅ 07፦

ጉማሬውም የራሱ ቤት አለው እኮ


ጡረተኛው መምህር፦

እንደምን ከረማችሁ ልጆች። ሰላሳ አራት ዓመት አማርኛ አስተምሬ አሁን ግሽ አባይ ሰፈር በረንዳዬ ላይ ቁጭ ብዬ የናንተን ክርክር አነባለሁ፣ ልጄ ስልኩን ካስተማረኝ ወዲህ ሥራዬ ይኸው ሆኗል። የልጅቱ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነውና ትንሽ ልበል፣ ረዘመ ብላችሁ አትቆጡ።

መጀመሪያ ግሱን ተመልከቱት። ተቀናጣ ነው ግሱ፣ ከእርሱ ቅንጡ፣ ቅንጦት፣ ቅንጦተኛ ይወጣሉ። አሁን ከጎኑ ሁለት ዘመዶቹን አስቀምጡ፣ ደላ እና ተመቸ። ድሎት፣ ምቾት፣ ቅንጦት፣ ሦስቱም ሲነገሩ ቤት ይመታሉ፣ ትርጉማቸውም ጎረቤት ነው። ግን ስትናገሩ ምን ትላላችሁ? ደላኝ፣ ተመቸኝ። ደልቼ አይባልም፣ ደልቶኝ ነው የሚባለው። ነገሩ ከውጭ መጥቶ ያገኛችኋል፣ እናንተ ተቀባይ ናችሁ፣ እንደ በረደኝ፣ እንደ ራበኝ። ቅንጦት ላይ ስትደርሱ ግን ተቀናጣኝ የሚል ሰው አለ? የለም። ተቀናጣሁ፣ ተቀናጣሽ፣ ተቀናጣ ነው። አድራጊው ሰውየው ራሱ ነው። ለዚህ ነው ወቀሳ ያለበት። የደላውን ሰው ማን ይወቅሰዋል፣ እግዜር ሰጠው ይባላል፣ ይድላህ ተብሎም ይመረቃል። የተቀናጣውን ግን ራሱ አመጣው ይሉታል። ደግሞም ስለ ራሱ በቁም ነገር ተቀናጣሁ የሚል ሰው በዕድሜዬ አልሰማሁም፣ ሁልጊዜ ሌላው ሰው ነው የሚቀናጣው። ባጃጅ ነጂው ልቀናጣ ያለው ቀልድ ስለሆነ ነው ያሳቀን።

(ደላም ቢሆን ሲጣመም ይጣመማል። ማን ደልቶት፣ ምን ደላኝና፣ ደልቶሃል አንተ ሲባል ድምፁን መስማት ነው።)

ቅምጥል የሚባለውን ደግሞ እናንተ ዛሬ ለሀብታም ልጅ ትሉታላችሁ፣ የቅምጥል ኑሮ ትላላችሁ። ግሱ ተቀማጠለ ነው፣ ለጆሮ መቀመጥን ይመስላል። የማይሠራ፣ ቁጭ ብሎ የሚቀርብለት ማለት ነው። ቅምጥ የምትባለው የባለጸጋ ውሽማ ግን በእርግጥ ከመቀመጥ ናት፣ ቤት ተሰጥቷት የተቀመጠች ማለት ነው። እንግዲህ ወንዱ ቁጭ ብሎ ሲበላ ቅምጥል ተባለ ሴቲቱ ቁጭ ስትል ቅምጥ ተባለች፣ ልዩነቱን እናንተ ፍረዱ።

አሁን ወደ ከባዱ ልሂድ፣ እናትሽ ያንን ወይስ ብላ ያቆመችውን። አንቺም ገብቶሻል እኔም ገብቶኛል፣ በደፈናው ማለፉ ጥሩ አይደለም። አደረ የሚለው ግስ ሌሊቱን ማሳለፍ ብቻ አይደለም፣ መተዳደር፣ በአንድ ነገር መኖርም ነው። አርሶ የሚያድር አርሶ አደር ነው፣ አርብቶ የሚያድር አርብቶ አደር ነው፣ በደርግ ጊዜ ላብ አደርና ወዛደር ሲባል ሰልፍ እንወጣለት ነበር፣ መፈክሩም ዘፈኑም እርሱ ነበር። ወታደርንም ወቶ አደር ነው ብለው የሚፈቱት አሉ። ሁሉም የክብር ስም ነው። ሴተኛ አዳሪ የሚለውም በአሠራሩ ከነዚህ አይለይም፣ ሴት ሆና፣ በሴት ወግ፣ ያለ ባል ቤት ይዛ የምታድር ማለት ነው ቃሉ ሲፈታ። ብቻዋን ነው ያለው እንጂ ምን ትሠራለች የሚለውን ቃሉ አልተናገረም። የጨመረበት ሰሚው ነው። ከአዳሪዎቹ ሁሉ አንዷ ብቻ ወደቀች። ይኸንን ክፍል ውስጥ ሳስተምር ተማሪዎቹ ይስቁ ነበር፣ ሴቶቹ ግን አይስቁም ነበር።


ጣና ዳሯ፦

ጋሼ እግዜር ይስጥልኝ። ደላኝ እና ተቀናጣሁ ያሉትን ሶስት ጊዜ አነበብኩት። እናቴ ላይ ልሞክረው ነው።


የጨርቃጨርቅ ልጅ፦

መምህር ያሉት እውነት ነው ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ላጤ የሚለውን ረስተዋል።

እናቴ ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ነበረች፣ በደርግ ጊዜ፣ ፈትል ክፍል፣ ሶስት ሺፍት ነው፣ ሌሊት ሁሉ ትገባለች። ፋብሪካው በ1950ዎቹ ተከፍቶ ባህርዳርን ከተማ ያደረጋት እሱ ነው ይላሉ የድሮ ሰዎች፣ እናቴ ስትደርስ ግን ነገሩ ተለምዶ ከየገጠሩ የመጡ ሴቶች ሶስት አራት ሆነው አንድ ክፍል ይከራያሉ፣ አንዷ ሌሊት ስትሰራ ሌላዋ አልጋው ላይ ትተኛለች፣ አልጋው አይቀዘቅዝም ነበር ትላለች። እነሱን ታዲያ ምን ይሏቸው ነበር መሰላችሁ፣ ሴተላጤ። ወንዶቹ ወንደላጤ ሴቶቹ ሴተላጤ፣ እኩል ነበር፣ ዕድር ሲያዋጡ "የሴተላጤዎቹ" ተብሎ ለብቻ ይመዘገብ ነበር ትላለች እናቴ እየሳቀች። አሁን ሴተላጤ የሚል ሰው ሰምታችኋል? እኔ ከእናቴ ሌላ ሰምቼ አላውቅም። ወንደላጤው አለ እስካሁን፣ የወንደላጤ ወጥ፣ የወንደላጤ ቤት፣ ቤቱ ተዝረክርኮ ሰሃኑ ሳምንት ሳይታጠብ ቆይቶ እንኳን ሰው በፍቅር ነው የሚስቅበት። ሴተላጤዋ የት ሄደች? የእናቴ ጓደኞች ተጋቡና ቃሉን ይዘውት ሄዱ መሰለኝ።

ድሮ አስር ብር ኪራይ የምትከፍል የፋብሪካ ሰራተኛ ስም ነበራት፣ ዛሬ ዲግሪ ይዘሽ ስም የለሽም። የገረመኝ ይሄ ነው።


የሺምብጥ ልጅ፦

ቤት ሲከራይ ግን ላጤ አሁንም አለ። "ለላጤ ብቻ"፣ "ላጤ አናስገባም" ይላሉ። የኛ አከራይ ላጤ ነህ ወይ ብለው ጠይቀውኝ አዎ ስላቸው "ጥሩ ውሃ አታባክንም" አሉኝ። ሌላኛዋ ደግሞ "ላጤ? ሰው ታመጣብኛለህ" ብላ በሩን ዘጋችው


እውነት ተናጋሪ፦

እሺ ዘይትና መብራት መክፈሏን አላወቅኩም ይቅርታ። ግን እስቲ እውነቱን አውሩ፣ ጎጆ መውጣት የሚባል ነገር አለ እኮ አማርኛችን፣ ስድብ የሌለበት። ልጁ ጎጆ ወጣ ይባላል። ለምን አዲስ ቃል ትፈልጋላችሁ ጎጆ ወጣሁ ትበል


ጣና ዳሯ፦

ሞክሬዋለሁ! እናቴን ጎጆ ወጣሁ ብያት "ከማን ጋር?" አለችኝ።


ባጃጅ 07፦

😂😂😂 ከሻወሩ ጋር በያት


ዘጌ ቡና፦

እኔ የዘጌ ልጅ ነኝ፣ ቋንቋ አላጠናሁም፣ ጀልባ ነው የምነዳው፣ ቱሪስት ሲኖር ቱሪስት ሳይኖር ቡናና ሰው። ግን የናንተን ሳነብ አንድ ነገር ትዝ አለኝ።

እኛ አገር ገዳም ሁለት አይነት ነው። አንዱ የአንድነት ገዳም ይባላል፣ መነኮሳቱ አንድ ላይ ይሰራሉ አንድ ማዕድ ይበላሉ የኔ የሚባል ነገር የለም፣ ሌላው የቁሪት ገዳም ይባላል፣ እያንዳንዱ የራሱ ጎጆ አለው፣ የራሱን ይሰራል የራሱን ቆሎ ራሱ ይቆላል፣ ፀሎቱ ላይ ብቻ ይገናኛሉ። ትንሽ ሆኜ አንድ ሽማግሌ መነኩሴን በጀልባ ሳሻግር የቁሪቶቹ ደልቷቸዋል አይደል አባ፣ የራሳቸው ቤት አላቸው ብዬ ጠየቅኳቸው። አባ ሳቁና "ልጄ አንድነት ላይ ስታመም ውሃ የሚያቀብለኝ አለ፣ ቁሪት ላይ ስታመም ማሰሮውም እኔን ነው የሚያየኝ" አሉኝ። ቅንጦት ነው ብሎ የሚያስብ ሰው የለም ብቻውን መኖርን። ከባድ ነው ብለው ነው የሚያስቡት። እኔም አክስትሽ ተቀናጣች ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ያልገባኝ ለዛ ነው፣ ሰርቪስ ክፍል ውስጥ ብቻሽን ከሆንሽ ወጥሽን ማን ይቀምስልሻል፣ ሲያምሽ ማን ያውቃል። ምናልባት አክስትሽ የፈራችው እሱን ይሆናል፣ መፍራቷን መናገር አቅቷት ነው ተቀናጣች ያለችው። የኔ እናት ሲጨንቃት ነው የምትሳደበው።

ደግሞ ጣና ላይ ክብራን ገዳም ሴት አይገባም፣ አጠገቡ ያለው እንጦስ ገዳም ግን ሴት መነኮሳት አሉበት፣ ሴት ብቻዋን ቤት ይዛ መኖር አዲስ ነገር የሚመስላቸው ሰዎች ጀልባ ላይ ወጥተው አያውቁም።


ፊደል ለቃሚ፦

@ዘጌ ቡና ማሰሮው እኔን ነው የሚያየኝ!! ይሄን የት ልፃፈው። ቢልቦርድ ላይ አይሆንም መቼም

ስድብ ያልሆነ ቃል ለተባለው እኔ የማውቀው "ራሷን የቻለች" ነው፣ ቢሮክራሲ ቢሮክራሲ ቢሸትም። ቻለ ማለት መሸከምም መታገስም ነው እኮ፣ ቻይ ሰው እንደምንለው። ራሷን ቻለች ስትል የራሷን ሸክም ራሷ አነሳች ማለት ነው፣ ለእናት ይሰማል ብዬ አስባለሁ። ጥሩነቱ ሚስትም ፈትም ላጤም ሳይል ለሁሉም ይሆናል። መጥፎነቱ ደግሞ ሶስት ወር ኪራይ ካልከፈልሽ ይወሰድብሻል።


ጡረተኛው መምህር፦

የጨርቃጨርቋ ልጅ ሴተላጤን ስላስታወሰችኝ አመሰግናለሁ፣ እውነትም ረስቼው ነበር። ባለቤቴን ጠየቅኋት፣ እኔን ከማግባቷ በፊት መምህርት ሆና ደንገል በር በሚባለው— ይቅር ስሙን ልተወው፣ አንድ ትንሽ ከተማ ተመድባ ብቻዋን ቤት ይዛ ነበር። ምን ይሉሽ ነበር ብላት "እትዬ መምህሯ ነበር የሚሉኝ፣ ስም መቼ አጣሁ" አለችኝ። ሥራው ሲከበር ቤቱ አይጠየቅም ነበር ማለት ነው። ከዚያ "ሰው ሲጠይቅህ ነው እንጂ ቃል የሚጠፋብህ እኔን መጀመሪያ ብትጠይቀኝ ኖሮ" ብላ ወጡን ልታይ ሄደች።

ዘጌው ልጅ፣ ስትመጣ ቡና ይዘህ ና፣ እከፍላለሁ።


ባጃጅ 07፦

ጋሼ እኔ አመጣልዎታለሁ ባጃጅ ግን ሀይቁን አይሻገርም


ጣና ዳሯ፦

አሁን የሆነውን ልንገራችሁና ክሩን እንዝጋው።

ትናንት አርብ አክስቴ ሳትደውል መጣች። ስራ ውዬ ስመለስ በር ላይ ተቀምጣ አገኘኋት፣ አከራይዋ በርጩማ ሰጥታታለች። እጇ ላይ እንጀራ በመሶብወርቅ፣ ደግሞ በፌስታል የምስር ወጥ፣ ለስድስት ሰው የሚበቃ። ገባች፣ ቆማ ዙሪያውን አየች፣ ዙሪያው ደግሞ ቶሎ ያልቃል። አልጋዬን በእጇ ጫን ጫን አደረገችው። መስኮቱን ከፍታ ዘጋችው። መቆለፊያውን ሁለት ጊዜ ሞከረችው፣ ያን ጊዜ የዘጌው ልጅ ያለው ትዝ አለኝ። "ሌሊት ከውስጥ ታደርጊዋለሽ?" አለችኝ፣ አዎ አልኳት። "ሲያምሽስ?" እደውልልሻለሁ አልኳት። "ስልኩ ካርድ ባይኖረውስ?" ምን ልበላት፣ አከራይዋን አሳየኋት፣ ከአከራይዋ ጋር ተሰናብተው እስኪመለሱ ግማሽ ሰዓት፣ ለካ ሁለቱም የአዴት ሰዎች ናቸው።

በላን። ቡና አፈላሁ። ሶስተኛውን ስንጠጣ ሻወሩን አሳይኝ አለችኝ። አሳየኋት። ውሃውን ከፈትኩላት፣ እጇን ከታች አድርጋ ቆየች፣ እየሞቀ ሲመጣ ምንም አላለችም፣ እጇን አላወጣችም። ልትታጠቢ ትፈልጊያለሽ ወይ አልኳት። ኧረ ወዲያ፣ ምን ቀን ሳልታጠብ ዋልኩና፣ አለችኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ፎጣ አለሽ ወይ አለችኝ።

እናንተዬ አርባ ደቂቃ። ቆጥሬያለሁ። አከራይዋ መጥታ ውሃው ምን ሆነ ብላ እስክትጠይቅ ድረስ። መዝሙር ሁሉ ትዘምር ነበር ውስጥ። አክስቴ ቤት ስምንት ሰው በአንድ ባልዲ ነው፣ እሷ ሁሌ መጨረሻ ናት፣ ለእኔ ለእንግዳው ለልጆቹ ካሞቀች በኋላ ለራሷ የሚተርፋት ቀዝቃዛው ነው፣ ይሄን ሁለት አመት ሙሉ አጠገቧ ሆኜ አላየሁትም ነበር፣ ያየሁት የኔን ፍራሽ ነበር።

ወጣች፣ ፊቷ ቀልቷል፣ ፀጉሯን በኔ ፎጣ ጠቅልላ አልጋዬ ላይ ተቀመጠችና "ደልቶሻል" አለችኝ። ጋሼ በቅንፍ ድምፁን መስማት ነው ያሉትን አስታውሼ ድምፁን ሰማሁት። ስድብ አልነበረበትም።

መሽቶ ስለነበር አደረች። እኔ መሬት ላይ ፍራሽ አንጥፌ ተኛሁ።

ዛሬ ጠዋት ስትሄድ የሚቀጥለው አርብ ከልጆቹ የትኛዋን ይዛ እንደምትመጣ እያሰበች ነበር የወጣችው። @እውነት ተናጋሪ ደስ ይበልህ፣ እንግዳው ተከትሎኝ መጥቷል። @ባጃጅ 07 ደላላው ስልኩን አያነሳም፣ አከራይዋ ግን ጎን ያለችው ክፍል በወሩ መጨረሻ ትለቀቃለች ብላለች፣ ሻወር ግን የላትም።


ባጃጅ 07፦

ሻወር ከሌላትማ ምኑን ተቀናጣሁት። ለማንኛውም ንገሪያቸው ነገ ጠዋት መጥቼ አያታለሁ